በግቢ ውስጥ የሚገጣጠም አውሮፕላን፦ ከወሎ ለደረሱን ሦስት ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ክፍሎቹ በፋብሪካ ተቆርጠውና በሣጥን ታሽገው የሚመጡ፣ ገዢው ግን በራሱ ቤት የሚገጣጥማቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች «ኪት» በመባል ይታወቃሉ። በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለነዚሁ አውሮፕላኖች የሚጠይቁና ሦስቱም ከወሎ የተጻፉ ስለሆኑ፣ አምዱን በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። መልሱን የምጽፈው እኔ በአውሮፕላን ጥገና ሙያ ረጅም ዘመን ያገለገልሁ ሰው ነኝ። ተወልጄ ያደግሁትም ደሴ ስለሆነ ጥያቄዎቹን እንደ ባዕድ አላነበብኋቸውም።

ጥያቄ

«የተከበራችሁ የመጽሔቱ አዘጋጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በደሴ ከተማ የአሉሚኒየም በርና መስኮት እየሠራሁ የምተዳደር ሰው ስሆን፣ በሙያው 18 ዓመት ቆይቻለሁ። በግቢዬ ውስጥ ርዝመቱ 7፣ ወርዱ 4 ሜትር የሆነ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የለበሰ ወርክሾፕ አለኝ። ልጄ ኮምቦልቻ መካኒካል ምሕንድስና ይማራል። የውጭ አገር ሰዎች መኪናቸውን በሚያቆሙበት ክፍል ውስጥ አውሮፕላን ሲገጣጥሙ በቪዲዮ አይተን፣ እኛም አባትና ልጅ ሆነን ለመጀመር አስበናል። ላሜራ መቁረጥ፣ መብሳትና በሪቬት ማያያዝ የዕለት ሥራዬ ነው። ይህ ሙያዬ ይበቃኛልን? ከምንስ ልጀምር?»

የአሉሚኒየም ባለሙያ፣ ከደሴ

መልስ

ወንድሜ፣ ያሰቡት ነገር የሚቻል ነው። በአሜሪካ አውሮፕላን በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች ማኅበር የተመሠረተው በ1953 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የአገሩ ሕግም ከሥራው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለመማር ወይም ለደስታው ብሎ በሚሠራ ሰው እጅ ከተሠራ፣ አውሮፕላኑ በልዩ ምድብ እንዲመዘገብ ይፈቅዳል። ሪቻርድ ቫንግሩንስቨን የተባለው መሐንዲስ በ1973 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ድርጅት ብቻ ከሸጣቸው ኪቶች ተገጣጥመው የበረሩት ከ10,000 ይበልጣሉ። በአገራችንም ቢሆን አውሮፕላን መሥራት እንግዳ ነገር አይደለም። «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን ሉድቪግ ቬበር በሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ መሪነት አዲስ አበባ ላይ ተሠርታ በ1928 ዓ.ም. በርራ ነበር። ወራሪው የጣሊያን ጦር ከወሰዳት በኋላ ለብዙ ዘመን በዚያው ቆይታ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች።

አሁን ወደ ሙያዎ እንምጣ። የእጅዎ ልምድ ትልቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን በእጅዎ የሚያውቁት አሉሚኒየምና አውሮፕላን የሚሠራበት አሉሚኒየም በስም እንጂ በጠባይ አይገናኙም። ለበርና ለመስኮት የሚሆነው ፕሮፋይል አብዛኛውን ጊዜ 6063 የሚባለው ለስላሳ ዓይነት ሲሆን፣ የአውሮፕላን ላሜራ ግን 2024 ወይም 6061 ተብሎ የሚታወቀው ነው። 2024 የሚባለው ከመስኮቱ ፕሮፋይል ከእጥፍ በላይ የሚበልጥ ጭነት ሳይበጠስ ይችላል። ይህ ሁሉ ጥንካሬ ያለው ግን ውፍረቱ ከ0.4 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር በሆነ ስስ ላሜራ ላይ ስለሆነ፣ በጥፍር የተጫረ የሚመስል መስመር እንኳ ውሎ አድሮ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ስለዚህ በመስኮት ሥራ በብረት ጫፍ ምልክት ማድረግ የለመደ እጅ፣ እዚህ ለስላሳ ማርከር መያዝን መልመድ አለበት። ከፑንታው በኋላ በቀዳዳው አፍ ላይ የሚቀረውን ሹል ጠርዝ ከሁለቱም ወገን ማንሳትም እንዲሁ አይቀርም፤ በአንድ አውሮፕላን ላይ ቀዳዳዎቹ በሺህ የሚቆጠሩ ስለሆኑ ይህ አሰልቺ ሥራ የብዙ ሳምንታት ሥራ መሆኑን አስቀድመው ይወቁት።

ስለ ሪቬት ትንሽ በዝርዝር ልጻፍ፤ እርስዎ ከማንም በላይ ይረዱታልና። እርስዎ የሚጠቀሙበት በሽጉጥ የሚሳበው ባዶ ሪቬት በአንዳንድ ቀላል ኪቶች ላይም ይሠራል፤ ለዚያውም ለአውሮፕላን ተብሎ የተሠራው እንጂ የገበያው አይደለም። በብዙዎቹ ግን የሚገባው ድፍኑ ሪቬት ሲሆን፣ እርሱ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ከውጭ በኩል በአየር መዶሻ ሲመታ፣ ሌላው ከውስጥ በኩል ፊቱ እንደ መስተዋት የለሰለሰ ድፍን ብረት ደግፎ ይይዛል፤ የሪቬቱ ጭራ በዚያ ብረት ላይ ተጨፍልቆ ሁለተኛውን ጭንቅላት ይሠራል። 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ሪቬት ላይ ይህ ጭንቅላት ስፋቱ 4.8፣ ቁመቱ ደግሞ 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል ሊሆን ይገባዋል። ከዚህ ቢረዝም ወይም ቢጠፈጠፍ፣ ወደ አንድ ወገን ቢያዘም፣ በሥሩም የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ቢታይ፣ ሪቬቱ በጥንቃቄ ተበስቶ ይወጣና በሌላ ይተካል። የቀዳዳውም መሐል ከላሜራው ጠርዝ ቢያንስ የሪቬቱን ውፍረት ሁለት እጥፍ መራቅ ስላለበት፣ ለዚሁ መጠን 6.4 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። አባትና ልጅ ሆናችሁ መጀመራችሁን የወደድሁት ለዚህ ነው፤ መዶሻውን የያዘውና ብረቱን የደገፈው ሰው አንድ ትንፋሽ ካልተነፈሱ ሪቬቱ አይስተካከልም።

ከሁሉ በላይ የምፈራልዎት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርሱን ከራሴ ሕይወት ልንገርዎት። ከብዙ ዓመት በፊት ለሥልጠና ውጭ አገር በነበርሁበት ጊዜ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በቤቱ የሚገጣጥመውን ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ቅዳሜ ቅዳሜ እረዳው ነበር። አንድ ቀን የጭራውን ጎድን ስበሳ ፑንታው ሸርተት አለና ቀዳዳው የስምንት ቁጥር ቅርጽ ይዞ ቀረ። ሪቬቱን ስከተው ጭንቅላቱ ጥፋቱን ጥርግ አድርጎ ሸፈነው፤ ከዚያ ወዲያ ከውጭ ያየ ሰው ምንም አያገኝበትም ነበር። ዝም አልሁ። ሳምንቱን ሙሉ ግን ያች ቀዳዳ ከዓይኔ ስላልጠፋች በሚቀጥለው ቅዳሜ ነገርሁት። ባልደረባዬ አልተቆጣም፤ የቱ እንደሆነ ጠይቆኝ፣ በዙሪያው ያሉትን ሪቬቶች አንድ በአንድ በስቶ አወጣና ጎድኑን ጥሎ ሌላ አዘዘ። አዲሱ እስኪደርስ ሥራው ሦስት ሳምንት ቆመ። እርስዎ እንደሚያውቁት በመስኮት ሥራ ያልገጠመ ማዕዘን በሲሊኮን ይሸፈናል፤ ይህም ለመስኮት ነውር የለውም፤ ውሃ እስካላስገባ ድረስ ደንበኛው ያመሰግናል። 18 ዓመት የኖረ የመሸፈን ልማድ በአንድ ቀን ከእጅ አይወጣም። ስለዚህ ያበላሹትን ለመጣል ወስነው ይግቡበት፤ ልጅዎም የአባቱን ሪቬት «ይህ ይውጣ» ለማለት እንዳያፍር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነጻነቱን ይስጡት።

መጀመሪያው ወረቀት እንጂ ብረት አይደለም። ማንኛውም ሲቪል አውሮፕላን በኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሳይመዘገብና የመብረር ብቃቱ በምስክር ወረቀት ሳይረጋገጥለት መብረር አይችልም። እንግዲህ አንዲት ሣጥን ከማዘዝዎ በፊት የመረጡትን የኪት ዓይነት፣ የአምራቹን ሰነድ፣ የሚሠሩበትን ቦታና ሥራውን የሚቆጣጠርልዎትን ፈቃድ ያለው የጥገና ባለሙያ ጠቅሰው ለባለሥልጣኑ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ሣጥኑ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ቢደርስ እንኳ ያለዚህ ወረቀት ከጉምሩክ ጋር የሚገጥምዎት ውጣ ውረድ ብዙ ነው። ይህን የምለው ሌላም ምክንያት ስላለኝ ነው። የደሴ ሰው አውሮፕላንን በቅርብ ያወቀው በኅዳር 1928 ዓ.ም. በወረደበት የጣሊያን ቦምብ ነው፤ በቅርቡ ያለፈው ጦርነትም የሞተር ድምፅ ከሰማይ ሲመጣ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቤት እንዲጠሩ አድርጓል። በዚህ አገር ሰማይ ላይ ሳያስታውቁና ሳያስፈቅዱ መውጣት ለራስዎም አደጋ ነው፤ ለጎረቤትዎም ድንጋጤ ነው።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ሙሉ ኪት አይግዙ፤ ብዙዎቹ አምራቾች ጭራውን፣ ክንፉን፣ አካሉንና ማጠናቀቂያውን ለየብቻ ይሸጣሉ። የጭራው ክፍል በዋጋም በስፋትም ትንሹ ሲሆን፣ በሌሎቹ ላይ የሚመጣው ሥራ ሁሉ በጥቂቱ አለበት። እርሱን ጨርሰው ካልወደዱት የሚከስሩት ትንሽ ነው። ወርክሾፕዎ ለጭራውም ለክንፉም ይበቃል፤ ክንፍ በየወገኑ ለብቻው ስለሚሠራ አንዱ ከ4 ሜትር ብዙም አይበልጥም። አካሉ ግን በእነዚህ ባለሁለት መቀመጫ ዓይነቶች 6 ሜትር አካባቢ ስለሚደርስ፣ በ7 ሜትሩ ክፍል ውስጥ ዞር ማለት ይቸግራል። በሩንም ዛሬውኑ ይለኩት፤ ሲያልቅ ግድግዳ ከማፍረስ አሁን ማስፋት ይሻላል። ሌላው የቆርቆሮው ጣሪያ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴ ብርድ ሌሊቱን ቆርቆሮው ሥር ጤዛ አቋጥሮ ጠዋት ስለሚያንጠባጥብ፣ ኮርኒስ ሳያስገቡ አሉሚኒየሙን ከሥሩ አያሳድሩት፤ በተደራረበ ላሜራ መካከል የገባ እርጥበት ውስጥ ውስጡን ይበላል። በተረፈ ሥራው 2,000 ሰዓት ሊወስድ እንደሚችል አስበው፣ በሳምንት 10 ሰዓት ቢሰጡት አራት ዓመት እንደሚፈጅ ለቤተሰብዎ ከወዲሁ ይንገሩ።

ጥያቄ

«ሐይቅ ከተማ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከዓመታት በፊት አንድ የአገራችን ወጣት በቮልስዋገን ሞተር አውሮፕላን መሥራቱን ከሰማን ወዲህ ተማሪዎቼ ‹የቮልስዋገን ወይም የባጃጅ ሞተር ከእኛ አገር ያነሣልን?› እያሉ ይጠይቁኛል። በተለይ የአገራችን ከፍታ ምን ያህል ችግር እንደሚፈጥር ብታስረዱን።»

መምህር፣ ከሐይቅ

መልስ

መምህር፣ ተማሪዎችዎ የጠየቁት ዋናውን ነገር ነው። የባጃጁ ሞተር ጉልበቱ 10 የፈረስ ጉልበት ገደማ ስለሆነ ሁለት ሰው የሚይዝ አውሮፕላን ለማንሣት አይታሰብም። የአሮጌው ቮልስዋገን ሞተር ግን በአየር የሚቀዘቅዝና ቀላል በመሆኑ በአውሮፓና በአሜሪካ ለትንንሽ አውሮፕላኖች ሲያገለግል ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ያገለገለው ግን በአብዛኛው ቆላ በሆነ ሜዳ ነው።

ሒሳቡን ከተማሪዎችዎ ጋር እንዲህ ይሥሩት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስትሆን፣ በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ያለው ግን ኮምቦልቻ፣ 1,860 ሜትር ገደማ ላይ ነው። መሐንዲሶች መደበኛ ብለው በያዙት ስሌት በዚህ ከፍታ ሊኖር የሚገባው ሙቀት 3 ዲግሪ ገደማ ነው። ኮምቦልቻ ከቀትር በኋላ 28 ዲግሪ ስትደርስ ልዩነቱ 25 ዲግሪ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ዲግሪ ደግሞ አየሩን በማሳሳት በኩል 36 ሜትር ያህል ከፍታ እንደመጨመር ይቆጠራል። ሲደመር 900 ሜትር ነው። እንግዲህ ከጦሳ ተራራ ሥር ቁልቁል ወርደን የምንደርስባት ኮምቦልቻ፣ በቀትር ለአውሮፕላን ክንፍ 2,760 ሜትር ላይ ያለች፣ ከደሴም የምትበልጥ ደጋ ሆና ትጠብቀዋለች።

ቱርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ የሚያስገባለት መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ 60 የፈረስ ጉልበት የተባለው ቮልስዋገን በዚያ ሰዓት 44 ገደማ ብቻ ይዞ ይነሣል። የጎደለው የሞተሩ ጉልበት ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑን የሚስበው ማራገቢያ (ፕሮፔለር) የሚገፋው አየር ሳስቷል፤ ክንፉም የሚሸከመውን ለማግኘት በመሬት ላይ 15 በመቶ ያህል ፈጥኖ መሮጥ ይኖርበታል። ሁሉም ሲደመር ለመነሣት የሚያስፈልገው ርቀት በባሕር ዳርቻ ከሚያስፈልገው ከእጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ከተነሣ በኋላም ሽቅብ የሚወጣበት አቅም ስለሚያንስ ከፊቱ ያለውን ተራራ ሳይሻገር ሊቀር ይችላል። በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተር በዚህ በሳሳ አየር ቶሎ የሚግልበትን ጣጣ ሳንቆጥር ማለት ነው።

ለዚህ ነው ለወሎ ከቮልስዋገን ይልቅ ሮታክስ የሚባለውን የኦስትሪያ ሞተር የምመርጠው። 912 የተባለው ዓይነት ባለ80ና ባለ100 የፈረስ ጉልበት ሆኖ ይመጣል፤ የሲሊንደሮቹ ራስ በፈሳሽ ይቀዘቅዛል፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲተካው ሁለት የእሳት መስመር አለው፤ የመኪና ቤንዚንም ስለሚቀበል ልዩ የአውሮፕላን ነዳጅ ከሩቅ ማስመጣት አያስፈልግም። 914 የሚባለው ደግሞ ቱርቦ ያለውና 115 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሲሆን፣ ዋጋው ቢከብድም ከፍታችን የሚጠይቀው እርሱን ነው። የትኛውም ሞተር ቢሆን በእኛ አገር ጥሩው ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛና ጥቅጥቅ ያለ ሲሆን፣ ከሰዓት በኋላ በተራሮቹ ጀርባ ቁልቁል የሚወርደው ነፋስም ገና አልተነሣም።

ጥያቄ

«ባለቤቴ የአውሮፕላን ንድፍ ከውጭ አገር ገዝቶ ኮምቦልቻ በሚገኘው ቤታችን ሥራ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ሥራውን እወድለታለሁ፤ ልከለክለውም አልፈልግም። ነገር ግን አንድ ቀን ‹ተነሺ እንብረር› እንዳይለኝ እፈራለሁ። ሙያውን የማላውቅ እኔ ደኅና መሆኑን በምን ላውቅ እችላለሁ?»

አንዲት እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

እኅቴ፣ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ ሙያውን ባያውቁም ሊጠይቋቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ። በንድፍ ብቻ መሥራት ከኪት ይከብዳል፤ ላሜራውን የሚመርጠውም የሚቆርጠውም እርሱ ራሱ ስለሆነ ስሕተት የሚገባበት በር ይበዛል። ስለዚህ መጀመሪያ የሥራ መዝገቡን እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። ደኅና ሠሪ በየቀኑ የሠራውን ከነቀኑ ይጽፋል፤ ፎቶ ያነሣል፤ የሚዘጋ ክፍል ከመዘጋቱ በፊትም ሌላ ባለሙያ አይቶ የፈረመበት ገጽ ይኖረዋል። ከራሱ በቀር የማንም ፊርማ ከሌለበት፣ ሥራው ምንም ያህል ቢያምር ገና አልተመረመረም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ስለ ሚዛኑ ይጠይቁት። አውሮፕላኑ ሲያልቅ ሦስቱ ጎማዎች በሦስት ሚዛን ላይ ተቀምጠው ይመዘናሉ፤ ከሦስቱ ቁጥር የክብደቱ መሐል የት ላይ እንደዋለ ይሰላል። ያ መሐል ንድፉ ከፈቀደው ወሰን ወደ ኋላ ካለፈ፣ አፍንጫው ሽቅብ ሲል መልሶ የሚያወርደው ኃይል አይገኝም። ይህን በኋላ በችሎታ አስተካክለዋለሁ የሚል አብራሪ ካለ አይመኑት። የነዳጁም መስመር መሬት ላይ እያለ፣ አፍንጫው ሽቅብ ተደርጎ ይፈተናል፤ ነዳጁ በራሱ ክብደት የሚወርድ ከሆነ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ከሚፈልገው አንድ ጊዜ ተኩል ያህል መፍሰስ አለበት።

ለበረራውም ቢሆን ባለቤትዎ ፈቃድ ያለው አብራሪ ካልሆነ የመጀመሪያውን በረራ በዚያ ዓይነት አውሮፕላን የበረረ ሰው ያድርግለት፤ ዓመታት የለፋበትን ነገር ለሌላ ሰው እጅ መስጠት እንደሚከብደው አውቃለሁና በዚህ ላይ እርስዎ ያግዙት። በአሜሪካ ደንብ እንዲህ ያለ አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሞተሩና እንደ ማራገቢያው ዓይነት 25 ወይም 40 ሰዓት በተወሰነ ቦታ እየበረረ መፈተን አለበት፤ ሰው ማሳፈር የሚፈቀደው ከዚያ በኋላ ነው። የእኛ ባለሥልጣን የሚያዝዘው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ እርስዎ በቤትዎ 40ውን ሰዓት ይያዙ። እስከዚያው ድረስ «ተነሺ እንብረር» ቢልዎት መዝገቡን ያስከፍቱትና የስንተኛው ሰዓት ላይ እንደደረሰ ያንብቡለት።